ሲከደን የማይተኛው ላፕቶፕ፦ የዊንዶውስ 11 የኃይል አያያዝ ሲመዘን

ላፕቶፕ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ስለ ፕሮሰሰሩ ጀነሬሽን፣ ስለ ራሙ መጠንና ስለ ስክሪኑ ጥራት ሻጩን ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚይዝም ሳያጣራ አይወጣም። ክዳኑ ሲዘጋ ማሽኑ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የባትሪው ዕድሜም ሆነ ሳይቀመጥ የቀረ ሥራ ደኅንነት በአብዛኛው የሚወሰነው በዚሁ ባልተጠየቀው ጉዳይ ነው። በዚህ ግምገማ የምመለከተው ዊንዶውስ 11 በላፕቶፕ ላይ እንቅልፍን፣ ሃይበርኔትንና የኃይል ቁጠባን እንዴት እንደሚያስተዳድር ሲሆን፣ የምመዝነውም መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት በዳታ ፓኬጅ በሚገዛበትና ያገለገለ ላፕቶፕ በብዛት በሚሸጥበት በአዲስ አበባ ሁኔታ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ አስፈላጊው መሣሪያ ሁሉ በውስጡ አለ፤ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው አሰላለፍ ግን የተዘጋጀው ከሶኬቱ መብራት ተለይቶት ለማያውቅ ተጠቃሚ ነው፤ ለእኛ የሚበጀውን አማራጭ ደግሞ ከዓይን ሰውሮታል።

ብዙ ሰው እንቅልፍ ሲባል አንድ ነገር ይመስለዋል፤ በማሽኑ ውስጥ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውና ኤሲፒአይ የሚባለው የኮምፒውተር ኃይል አስተዳደር መስፈርት ለእነዚህ ሁኔታዎች መለያ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ኤስ3 የሚባለው የቆየው ስሊፕ ነው፤ ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑ፣ ዲስኩና ማራገቢያው ሁሉ ኃይል ይቋረጥባቸውና ራሙ ብቻ በጥቂት ኃይል ይቆያል። ራም ኃይል ሲያጣ የያዘውን ሁሉ ስለሚረሳ ይህችን ጥቂት ኃይል መንፈግ አይቻልም፤ ማሽኑ እንደተኛ ባትሪው ካለቀ ተከፍቶ የነበረው ሥራ አብሮ ይጠፋል። ኤስ4 ሃይበርኔት ነው፤ ራሙ ላይ ያለው ወደ ዲስክ ይገለበጥና ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ተመልሶ ሲከፈት ደግሞ የተጀመረው ደብዳቤና የተከፈተው ሠንጠረዥ በነበሩበት ይገኛሉ። ባትሪው ቢያልቅ፣ እንዲያውም ከማሽኑ ቢወጣ እንኳ የሚጠፋ ነገር የለም።

ሦስተኛው ማይክሮሶፍት ሞደርን ስታንድባይ የሚለው፣ በመስፈርቱ አጠራር ከኤስ0 የሚመደበው ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣው ኮኔክትድ ስታንድባይ ሲሆን፣ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ተስፋፍቶ ዛሬ በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የተለመደው እንቅልፍ ይኸው ሆኗል። ሐሳቡ የተወሰደው ከስማርት ስልክ ነው። ማሽኑ አይጠፋም፤ ስክሪኑ ብቻ ይጠፋና ፕሮሰሰሩ እጅግ አነስተኛ ኃይል ወደሚወስድበት ሁኔታ ይወርዳል፣ ዋይፋዩ ግን እንደተገናኘ ሊቆይ፣ ኢሜይልም ሊቀበል ይችላል። ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን እንዳቆመ የሌሊት ዘበኛ ማለት ነው። ክዳኑ ገና ከመከፈቱ ስክሪኑ መብራቱ ደስ የሚል ነገር መሆኑ አይካድም። ችግሩ ማሽኑ በደንብ የሚተኛው በውስጡ ያለው ሁሉ ሲስማማ ብቻ መሆኑ ነው፤ አንድ ድራይቨር (የማሽኑን አንድ ክፍል ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ወይም ሌላ አንድ ፕሮግራም ሥራ አልፈታም ካለ ፕሮሰሰሩ ወደ ጥልቁ እንቅልፍ መውረድ ያቅተዋል። እንዲህ ሲሆን ቦርሳ ውስጥ የገባው ላፕቶፕ ግሎ ይወጣል፤ ማታ ሙሉ ሆኖ የተከደነውም ጠዋት ባትሪው ተሟጦ ሊገኝ ይችላል። ዊንዶውስ 11 በእንቅልፍ ላይ ሳለ ባትሪው ከተወሰነ ልክ በላይ ከወረደ ማሽኑን በራሱ ወደ ሃይበርኔት የሚያሸጋግር ዘዴ አለው፤ ጥሩ መከላከያ ነው፣ ሆኖም ሥራውን የሚጀምረው ኃይሉ ከባከነ በኋላ ነው።

የእርስዎ ላፕቶፕ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚጠቀም በሴቲንግ ውስጥ የትም አልተጻፈም፤ ይህ ከሥርዓቱ ጉድለቶች አንዱ ነው። ለማወቅ የግድ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ኮማንድ ፕሮምፕት የተባለ መስኮት ከፍቶ ፓወርሲኤፍጂ የሚባለውን መሣሪያ መጥራት ያስፈልጋል፤ ይኸውም ፓወር የሚለው ቃልና ሲ፣ ኤፍ እና ጂ የሚሉት ፊደላት ሳይነጣጠሉ ይጻፉና፣ አንድ ክፍት ቦታ ተትቶ እዝባርና ኤ ፊደል ይከተላሉ። የሚመጣው መልስ ሁለት ክፍል አለው፤ በላይኛው ማሽኑ የሚችላቸው የእንቅልፍ ዓይነቶች፣ በታችኛው ደግሞ የማይችላቸው ከነምክንያታቸው ይዘረዘራሉ። በላይኛው ክፍል «ስታንድባይ ኤስ3» የሚል ከታየ ማሽኑ የቆየውን እንቅልፍ ይተኛል፤ «ኤስ0 ሎው ፓወር አይድል» የሚል ከሆነ ደግሞ ሞደርን ስታንድባይ ነው። አንዱን በሌላው መተካት በተጠቃሚው ፈቃድ ብቻ የሚሆን አይደለም፣ ውሳኔው የላፕቶፑ ሠሪ በባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት በሚነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ላይ ያኖረው ነውና። አንዳንድ ሠሪዎች በባዮሱ ውስጥ ምርጫ ትተዋል፤ ብዙዎቹ ግን አልተዉም።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ሃይበርኔት ሆኖ ሳለ ዊንዶውስ 11 ከስታርት ሜኑ ማጥፊያ ዝርዝር ውስጥ አውጥቶታል። ተጠቃሚው የሚያየው ስሊፕ፣ ሻት ዳውንና ሪስታርት ብቻ ነው። ሃይበርኔትን ለመመለስ ወደ አሮጌው ኮንትሮል ፓነል ሄዶ «ፓወር ኦፕሽንስ» የሚለውን መክፈት፣ በግራ በኩል «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» የሚለውን መጫን፣ ቀጥሎም ከላይ ያለችውንና የደበዘዙትን አማራጮች ለለውጥ የምትከፍተውን ሰማያዊ ጽሑፍ ነክቶ ሃይበርኔት ከሚለው ፊት ምልክት ማድረግ ይገባል። ምልክት የሚደረግበት ቦታ ጭራሹን ካልታየ ደግሞ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተርነት ከፍቶ በዚያው ፓወርሲኤፍጂ እዝባር ሃይበርኔት ኦን ብሎ ማዘዝ ያስፈልግ ይሆናል። ማይክሮሶፍት የኃይል አማራጮችን ቀስ በቀስ ከኮንትሮል ፓነል ወደ አዲሱ ሴቲንግ እያዛወረ መሆኑ ይታያል፤ ዝውውሩ ግን ገና ስላላለቀ አንዱ ጉዳይ በሁለት ቤት ተከፍሎ ይኖራል። የስክሪንና የእንቅልፍ ደቂቃዎች በሴቲንግ፣ ሲስተም፣ «ፓወር ኤንድ ባተሪ» ውስጥ ናቸው፤ ባትሪ ሊያልቅ ሲል የሚወሰደው እርምጃ ደግሞ አሁንም ኮንትሮል ፓነል ውስጥ፣ ሦስት መስኮት ወደ ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

ሃይበርኔት ዲስክ ይበላል፣ ኤስኤስዲ የሚባለውን የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክም ያስረጃል የሚሉ አሉ። ሁለቱም መሠረት አላቸው፤ መጠናቸው ግን ሲሰላ ያን ያህል አያሰጋም። ዊንዶውስ ለዚህ የሚያስቀምጠው ፋይል በነባሪው የራሙን 40 በመቶ ያህላል፤ 16 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ ከ6 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ሃይበርኔት ቢደረግና በእያንዳንዱ ጊዜ ፋይሉ ሞልቶ ቢጻፍ እንኳ ወደ 12 ጊጋባይት ይሆናል፤ ለ250 ጊጋባይት ዲስክ የተለመደ የሆነው የ150 ቴራባይት የመጻፍ ዋስትና በዚህ ፍጥነት ከ30 ዓመት በላይ ይወስዳል። ያ ላፕቶፕ ከዚያ በፊት በሌላ ምክንያት መሞቱ አይቀርም። እውነተኛው ዋጋ ጊዜ ነው፤ ኤስኤስዲ ባለው ማሽን ላይ መመለሻው የሰከንዶች ጉዳይ ሲሆን፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ግን ትዕግሥት ይፈትናል።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው አሰላለፍ ይህን ይመስላል። ላፕቶፑ በባትሪ ላይ ሳለ ክዳኑ ሲዘጋ ሃይበርኔት እንዲያደርግ፣ ቻርጀር ላይ ሳለ ደግሞ እንዲተኛ አደርገዋለሁ፤ ሳይነካ ሲቀር ስክሪኑ በ3 ደቂቃ እንዲጠፋ፣ በ10 ደቂቃ እንዲተኛ፣ ከዚያም ሰዓት ሳይሞላ ራሱን ወደ ሃይበርኔት እንዲያሸጋግር እፈልጋለሁ። ውጫዊ ስክሪን በኤችዲኤምአይ የሚያገናኙ ሰዎች ቻርጀር ላይ ሳለ ክዳኑ ሲዘጋ «ዱ ነቲንግ» የሚለውን ይመርጣሉ፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ክዳኑን ዘግተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው በቀጥታ ቦርሳ ውስጥ ሲከቱት ማሽኑ እየሠራ እንደገባ ይዘነጋሉ። ዊንዶውስ በዚህ ጊዜ ምንም አያስጠነቅቅም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰፋ አድርጌ ልመለከተው የምፈልገው የደከመ ባትሪ ጉዳይ ነው፤ በከተማችን ካሉት ላፕቶፖች ብዙዎቹ አገልግለው የገቡ ናቸውና። ዊንዶውስ ባትሪው ወደ 5 በመቶ አካባቢ ሲወርድ ማሽኑን ሃይበርኔት ያደርጋል፤ ይህ ቁጥር ለአዲስ ባትሪ በቂ ነው። የደከመ ባትሪ ግን ቁልቁል የሚወርደው በእኩል እርምጃ አይደለም። ባለሙያዎች ውስጣዊ መቋቋም የሚሉት ነገር ከዕድሜ ጋር ስለሚጨምር፣ ጠቋሚው 25 ወይም 20 በመቶ እያለ ፕሮሰሰሩ ትንሽ ሥራ ሲበዛበት ቮልቴጁ በድንገት ይወድቅና ማሽኑ ድርግም ይላል። በዚያ ጊዜ 5 በመቶ የሚባል ደረጃ ስላልነበረ ሃይበርኔት የሚባል ነገርም አልነበረም፤ የጠፋው ሥራ ጠፋ። መፍትሔው በኮንትሮል ፓነል ውስጥ የተራቀቁትን የኃይል አማራጮች ከፍቶ፣ «ባተሪ» በሚለው ሥር «ክሪቲካል ባተሪ ሌቭል» የሚለውን ወደ 20 ወይም ወደ 25 ከፍ ማድረግ ነው። ባትሪው በየትኛው ቁጥር ላይ ድርግም እንደሚል ባለቤቱ ያውቃል፤ ቁጥሩን ከዚያ 5 ያህል ከፍ ማድረግ ይበቃል። በዚያው ቦታ «ክሪቲካል ባተሪ አክሽን» የሚለው ሃይበርኔት ላይ መሆኑን ማየት ይገባል፤ በአንዳንድ ያገለገሉ ማሽኖች ላይ የቀድሞው ባለቤት ወይም ዊንዶውስ የጫነው ሰው ለውጦት ይገኛል።

ባትሪው ጨርሶ ቻርጅ የማይዝ ላፕቶፕ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። እንዲህ ያለው ማሽን ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚውል ዴስክቶፕ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሃይበርኔት ዕድል ሳያገኝ ይጠፋል። ተኝቶ ሳለ መብራት ቢሄድበትም ራሙ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ለዚህ የተሠራው ሃይብሪድ ስሊፕ ነው፤ ማሽኑ ሲተኛ የራሙን ይዘት በራሙም ያቆያል፣ ወደ ዲስክም ይገለብጣል፤ መብራት ካልጠፋ ፈጥኖ ይነሣል፣ ከጠፋም ከዲስኩ ያስመልሳል። ዊንዶውስ ይህን በዴስክቶፖች ላይ በነባሪነት ከፍቶ፣ በላፕቶፖች ላይ ግን ዘግቶ ያመጣዋል፤ ላፕቶፕ ሁሉ ባትሪ አለው በሚል ግምት ይመስለኛል። ኤስ3 ያለው ማሽን ከሆነ በተራቀቁት አማራጮች ውስጥ «ስሊፕ» በሚለው ሥር ይገኛል። ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለጸሐፊ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ለሚውል ሰው ይህች አንዲት ምርጫ ከሌሎቹ ሁሉ ትበልጣለች፤ ሥራ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ግን እርሷም ስለማታድን በየጊዜው ሴቭ ማድረግ የግድ ነው።

ማሽኑ በደንብ መተኛት አለመተኛቱን ለማወቅ ዊንዶውስ የሚያቀርበው ስሊፕ ስተዲ የተባለ ዘገባ አለ፤ በእኔ ዓይን የሥርዓቱ ምርጥ ክፍል ይኸው ነው። በአድሚኒስትሬተርነት በተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት ፓወርሲኤፍጂ እዝባር ስሊፕስተዲ ሲባል በብሮውዘር የሚከፈት አንድ ፋይል ይፈጠራል። ፋይሉ ያለፉትን ቀናት እንቅልፎች አንድ በአንድ በመስመር ያስቀምጣል፤ በስንት ሰዓት እንደተጀመረ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ስንት ሚሊዋት ሰዓት እንደወሰደና ያ ከባትሪው ስንት በመቶ እንደሆነ። መስመሮቹ በቀለም ይለያሉ፤ አረንጓዴው ደህና እንቅልፍ ሲሆን ቀዩ ኃይል የባከነበት ነው። ቀዩን መስመር ሲጫኑት ወደ ታች ይወርድና ያልተኛውን ተጠያቂ ያሳያል። ዋይፋይ ካርዱ ወይም የድምፅ ድራይቨሩ ሊሆን ይችላል፤ በዩኤስቢ የተሰካ ነገርም ሊሆን ይችላል። ማሽኑ በእንቅልፉ ጊዜ ከመቶ ስንቱን በእውነተኛው ዝቅተኛ ኃይል ላይ እንዳሳለፈም በቁጥር ይታያል፤ ይህ ቁጥር ከ90 በላይ ሲሆን ጤናማ፣ 20 ወይም 30 ሲሆን ማሽኑ ተኛ የተባለው ለስሙ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ግልጽ ማስረጃ በሴቲንግ ገጽ ላይ እንደማውጣት በኮማንድ ፕሮምፕት ጨለማ ውስጥ መደበቁ የሚያሳዝን ነው።

የተኛ ማሽን በሌሊት በራሱ የሚነቃበት ምክንያትም በዚሁ መሣሪያ ይታወቃል። ላስትዌክ የሚለው ትእዛዝ በመጨረሻ ያነቃውን፣ ዌክታይመርስ የሚለው ደግሞ ወደፊት ሊያነቃው ቀጠሮ የያዘውን ያሳያል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የኔትወርክ ካርድ፣ ጠረጴዛ ሲነካ የሚንቀሳቀስ ማውስ ወይም የዊንዶውስ የራሱ የጥገና ቀጠሮ ነው። ማውሱን በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «አላው ዚስ ዲቫይስ ቱ ዌክ ዘ ኮምፒውተር» ከሚለው ላይ ምልክቱን በማንሣት፣ ቀጠሮውን ደግሞ በተራቀቁት የኃይል አማራጮች ውስጥ የዌክ ታይመር ፈቃድን በመዝጋት ዝም ማሰኘት ይቻላል።

ከእንቅልፍ ጋር የተያያዘ ሌላ ወጪ ደግሞ ዳታ ነው። ሞደርን ስታንድባይ ያለው ላፕቶፕ ተከድኖም ከዋይፋይ ጋር ሊገናኝ ስለሚችል፣ በስልክ ሆትስፖት የሚጠቀም ሰው ፓኬጁ ሳያውቀው ሊያልቅበት ይችላል። ለሆትስፖቱ በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ማብራት ዊንዶውስ አብዛኞቹን ማሻሻያዎች በራሱ እንዳያወርድ ያደርገዋል፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ግን ይህን ምልክት የማክበር ግዴታ የለባቸውም። ሃይበርኔት ያደረገ ማሽን በአንጻሩ አንድ ባይት አይወስድም።

ፋስት ስታርትአፕ በሚባለው ላይ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሻት ዳውን ሲባል የስርዓተ ክወናው ዋና ክፍል ሃይበርኔት ተደርጎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። አንድ ችግር ሲገጥማቸው ላፕቶፑን አጥፍተው የሚያበሩ ሰዎች ችግሩ አብሮ ሲነሣ የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ንጹሕ ጅማሮ የሚሰጠው ሪስታርት ነው። ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጎን የጫነ ሰው ፋስት ስታርትአፕን ቢያጠፋው ይሻላል፤ ካልሆነ የዊንዶውስ ክፍልፋይ ከሊኑክስ በኩል እንደተቆለፈ ይገኛል። ኤስኤስዲ ላለው ማሽን የሚያተርፈው ጊዜ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የዊንዶውስ 11 24ኤች2 ዕትም ባትሪ ሴቨር የሚባለው የኃይል መቆጠቢያ በኢነርጂ ሴቨር ተተክቷል፤ ልዩነቱ አዲሱ ቻርጀር ላይም ሆኖ መሥራቱ ነው። ሲበራ የስክሪኑን ብርሃን በ30 በመቶ ይቀንሳል፣ ከጀርባ የሚሠሩትን ይገታል። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ልጫነው የሚገባኝ ይህ ቁልፍ ነው፤ ከታች በቀኝ የባትሪውን ምልክት ተጭኖ በሚወጣው ሳጥን ውስጥ መቀመጡም ተገቢ ነው። «ፓወር ሞድ» ከሚለው ውስጥ ደግሞ «ቤስት ፓወር ኢፊሸንሲ» ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ሥራ ከበቂ በላይ ሲሆን ማራገቢያውንም ጸጥ ያሰኛል።

ባትሪን 80 በመቶ ላይ አቁሞ ዕድሜውን ማራዘም ዊንዶውስ ራሱ ለሁሉም ማሽን እኩል ያላቀረበው አገልግሎት ነው። የሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ ሲቆይ ይጎዳል፤ ስለሆነም ሠሪዎቹ የየራሳቸውን መፍትሔ አበጅተዋል። በሌኖቮ ቫንቴጅ፣ በማይአሱስና በዴል የኃይል ፕሮግራም ውስጥ አለ፣ በኤችፒ ላፕቶፖች ደግሞ በባዮስ ውስጥ ይገኛል። ሠሪው ያዘጋጀው ፕሮግራም ሳይኖር ዊንዶውስ ብቻ እንደ አዲስ የተጫነበት ያገለገለ ላፕቶፕ ይህን ሁሉ ያጣል፤ ፕሮግራሙን ከማይክሮሶፍት ስቶር ወይም ከሠሪው ድረ ገጽ ማውረድ ይገባል። መብራት ብዙ ጊዜ ለሚጠፋበት ሰፈር ግን 80 በመቶን በጭፍን አልመክርም፤ የቀረችው 20 በመቶ አንድ ሪፖርት የሚያስጨርስ ጊዜ ልትሆን ትችላለችና። ማሽኑን አልጋና ብርድ ልብስ ላይ ባለማስቀመጥ ሙቀቱን መቀነስ ለባትሪው ከዚህ ያላነሰ ይጠቅመዋል።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር አፕል በዚህ ጉዳይ ይሻላል ማለት ይቻላል። ማክቡክ ሲተኛ የራሙን ይዘት ወደ ዲስክ የመገልበጥ ልማድ ከነባሪው ጋር ስለሚመጣ፣ ከላይ ሃይብሪድ ስሊፕ ያልነው ነገር ተጠቃሚው ሳይጠይቅ ይሠራለታል። ኡቡንቱ በአንጻሩ ሃይበርኔትን በሜኑው ላይ አያቀርብም፤ ለማብራትም ከዊንዶውስ የበለጠ ልምድ ይጠይቃል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው እነዚህ ትእዛዞች ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ይጠቅሙታል፤ በዊንዶውስ 10 ላይም ይሠራሉ፣ ምንም እንኳ የእርሱ መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ቢያበቃም። ፓወርሲኤፍጂ እዝባር ባትሪሪፖርት ሲባል የሚወጣው ገጽ «ዲዛይን ካፓሲቲ» እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮችን አንዱን ከሌላው በታች ያሳያል። የመጀመሪያው 45,000፣ ሁለተኛው 27,000 ሚሊዋት ሰዓት ከሆነ ባትሪው ከአዲስነቱ 60 በመቶ ብቻ ቀርቶታል። ከዚያ በታች «ሳይክል ካውንት» የሚል አለ፤ በአንዳንድ ማሽን ባዶ ሰረዝ ብቻ ይታያል። ሁለቱ ካፓሲቲዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ሆነው ከተገኙና ላፕቶፑ የዓመታት አገልግሎት ያለው ከሆነ ባትሪው የተለወጠ ሊሆን ይችላል፤ የተለወጠ ባትሪ ደግሞ የሚናገረው ቁጥር ሁልጊዜ አይታመንም፣ ስለዚህ ቻርጀሩን ነቅሎ ስክሪኑን አብርቶ አንድ ቪዲዮ እያጫወቱ ጠቋሚው እንዴት እንደሚወርድ መመልከት ይሻላል። ከዚያ እዝባር ኤ የሚለውን ትእዛዝ አስከትሎ ማሽኑ ኤስ3 እንዳለው ማረጋገጥ ነው። ለምሳሌ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ኤስ3 አለው፣ ስምንተኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር የያዘው ዓይነትም ዊንዶውስ 11ን በይፋ ይቀበላል፤ ከዚህም በላይ ሁለት ባትሪ ያለው ሲሆን፣ የውጪው ሲያልቅ የውስጡ ማሽኑን ይዞት ስለሚቆይ ሳያጠፉት ሌላ ባትሪ መቀየር ይቻላል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ ከእርሱ አዲስ የሆነና በሞደርን ስታንድባይ ብቻ የሚተኛ ቀጭን ላፕቶፕ ከምወስድ ይህን እመርጣለሁ።